ፈላጊዎቹን ማን ያሰናብት?

ቁጣዬን ጽሑፍ ውስጥ ማስገባት ልማዴ አይደለም። ጎርፍ ቤት ሲወስድ፣ መኪና ገደል ሲገባ፣ ሹም ሲዋሽ የሆነውን እጽፋለሁ፤ መቆጣቱ የአንባቢው ፋንታ ነው። ይህንንም ታሪክ እንደዚያ ልጽፈው ሞክሬ ነበር። ደጋግሜ ጀምሬ ደጋግሜ ሰረዝኩት። ስለዚህ ተቆጥቼ እንደጻፍኩት አስቀድማችሁ እወቁልኝ። ነገሩ ግን ያየሁትና በጆሮዬ የሰማሁት ነው፤ ከቁጣዬ በቀር የጨመርኩበት የለም።

ያን ጊዜ ደባርቅ ተቀምጬ ለአንድ ሬድዮ ጣቢያ ዜና እልክ ነበር። ከዚያ ጎን ለጎን ማንም ያልቀጠረኝ ሌላ ሥራ ተለጥፎብኝ ነበር። የደባርቅና የዳባት ሰዎች የሚገናኙበት አንድ ሰፊ የቴሌግራም ቡድን አለ። በቅሎ ጠፋ፣ ደም ተፈለገ፣ የተማሪ ሰነድ ባጃጅ ውስጥ ተረሳ፣ ሁሉም እዚያ ይለጠፋል። ውሸቱም እዚያው ይለጠፋል። ውሸቱ ሲበዛ ሰዉ "ሬድዮዋ አጣርታለች?" ማለት ጀመረ። ሬድዮዋ እኔ ነኝ። ደውዬ፣ ጠይቄ፣ "እውነት ነው" ብዬ ከጻፍኩ ሰው ከተቀመጠበት ይነሳል። ካልጻፍኩ አይነሳም። ይህን ሥልጣን አልጠየቅኩትም፤ ከተሰጠኝ በኋላ ግን ቀልጄበት አላውቅም።

በክረምቱ መግቢያ፣ በአንድ የገበያ ቀን ጠዋት፣ ቁርሴን ሳልጨርስ ስልኬ ይንጫጫ ጀመር። ጎንደር የሚኖር በረከት የሚባል ሰው የአባቱን ፎቶግራፍ ለጥፏል። አባትየው ጋሽ ታደለ ይባላሉ። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ ጉልምስናቸውን የጨረሱት የሊማሊሞን ቁልቁለት ሲወርዱና ሲወጡ ነው። አሁን የመርሳት ሕመም ይዟቸዋል። መልእክቱ እንዲህ ይል ነበር፤

"አባቴ ዛሬ ማለዳ ከቤት ወጥቶ ጠፍቷል። ወደ ደባርቅ በሚሄድ አውቶቡስ ሲሳፈር ያየው ሰው አለ። ሰሞኑን 'መኪናዬ ሊማሊሞ ተበላሽታ ቆማለች፣ ልሂድላት' ሲል ነው የሰነበተው። የሊማሊሞ አካባቢ ሰዎች እባካችሁ ፈልጉልኝ። ለምታደርጉልኝ ትብብር ሁሉ በቅድሚያ አመሰግናለሁ።"

ደወልኩለት። ድምፁ ይቆራረጣል፤ ሲያለቅስ እንደነበር ያስታውቃል። አባቱ ምን እንደለበሱ ጠየቅኩት። ቡናማ ኮትና የሹራብ ቆብ አለኝ። በዚህ አካባቢ ዘመድ ይኖራቸው እንደሆነ ጠየቅኩት። ዳባት እህት አለችው፣ ደውዬላት ነበር፣ እስካሁን አልመጣም አለችኝ አለ። እሱም መኪና ይዞ ከጎንደር ሊነሳ መሆኑን ነገረኝ። ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት "እህቴ፣ አደራዎን" አለኝ።

አደራ ያለው እሱ ነው። ይህችን ያዙልኝ።

"አጣርቻለሁ፣ እውነት ነው" ብዬ ቡድኑ ላይ ጻፍኩና ወደ ገበያው ወጣሁ። ሐጂ ኢድሪስ እዚያ የጨርቃጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ ደጃቸው ላይ የምትቆም አሮጌ ፒክአፕም አለቻቸው። ስደርስ የሱቁን አንዱን በር ዘግተው ሁለተኛውን ሲቆልፉ አገኘኋቸው። ገጠሩ ሁሉ ወደ ከተማ በሚገባበት ቀን ሱቅ የሚዘጋ ነጋዴ አይቼ ስለማላውቅ፣ "ሐጂ፣ ዛሬ ገበያ አይደለም እንዴ?" አልኳቸው።

"ገበያውማ በሳምንቱ ይመጣል" አሉኝ ቁልፉን ኪሳቸው እየከተቱ። "ሰውዬው በሳምንቱ አይመጣም። ግቢ።"

መንገድ ላይ ጋሽ ታደለን እንደሚያውቋቸው ነገሩኝ። የአባታቸውን ጭነት ያመላልሱ የነበሩት እኒህ ሾፌር ናቸው፤ ሐጂ ልጅ ሳሉ ጋቢና ውስጥ አስቀምጠዋቸው መሪውን አስይዘዋቸው ያውቃሉ።

ከደባርቅ ወጥተን መንገዱ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁል መዞር ከሚጀምርበት አፋፍ ስንደርስ አያ ደሴ ጋ ቆምን። አያ ደሴ ገበሬ ናቸው። ቤታቸው ከመንገዱ ዳር፣ እርሻቸው ከገደሉ ጫፍ ነው። በዚያ አካባቢ ከብትም ሰውም ከጠፋ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ገደሉን በየቀበሌው በየስሙ ያውቁታል። በሬዎቻቸውን ጠምደው ገብስ ሊዘሩ እርሻ ላይ ነበሩ። ነገሩን ስንነግራቸው ወዲያው ቀንበሩን መፍታት ጀመሩ። እየፈቱም "ባለቤቱ ያለውን አንብቢልኝ፣ ልጄ፤ ሰው የጠፋበት ሲናገር ከቃሉ መካከል ፍንጭ አይጠፋም" አሉኝ። አነበብኩላቸው። መጨረሻው ላይ ስደርስ ቀና አሉ።

"ምን አለ?"

"በቅድሚያ አመሰግናለሁ ይላል።"

"ገና ሳንወርድ አሰናበተን?"

ሐጂ ሳቁ። "አይ ደሴ፣ አንተ ከገበያ ርቀሃል። የዘንድሮ ምስጋና እንደ ቀብድ ነው፣ አስቀድሞ ይሰጥሃል።"

"ቀሪውስ?"

"ቀሪውን ወርደህ ፈልገው።"

አያ ደሴም ሳቁ። እኔ ግን አባባላቸው ስላልገባኝ ጠየቅኳቸው። ያስረዱኝ እንዲህ ነው። በእነሱ አገር ሰው ወይም ከብት ሲጠፋ ጎረቤት ሁሉ ይወጣል፤ በየሸንተረሩ ይበተናል። የጠፋው ሲገኝ ባለቤቱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይቆምና "ተገኝቷል! እግዜር ይስጥልኝ! ግቡ!" ብሎ ይጣራል። የሰማው ላልሰማው ያቀብላል። ፈላጊው ሁሉ ካለበት ሆኖ "ገብተናል!" ይልና ወደ ቤቱ ይመለሳል። ያ ጥሪ ሳይሰማ የገባ ሰው "ፍለጋ ጥሎ የገባ" ይባላል። ይህ ስም ከሰውየው አልፎ ለልጆቹ ይተርፋል፤ ሚስት ሲጠይቁ ሳይቀር ይነሳባቸዋል።

"እና እግዜር ይስጥልኝ የሚባለው መጨረሻ ላይ ነው" አሉ አያ ደሴ። "መጀመሪያ ላይማ የሚባለው ድረሱልኝ ነው።"

በዚያን ጊዜ እንደ ወግ ሰምቼ አለፍኩት።

ጎረቤቶቻቸው ተሰበሰቡ። ከገደሉ በታች ስልክ አይሠራም፤ አፋፉ ላይ ግን ኔትወርክ አለ። ስለዚህ እኔና ሐጂ ከመኪናው ጋር መንገዱ ዳር እንድንቆይ ተስማማን። ከልጁ ወሬ ከመጣልኝ ሐጂ ክላክሱን ረጅም አድርገው ይነፋሉ፤ የወረዱት ሁሉ ይመለሳሉ። ቀላል ነገር ነበር። ከበረከት የሚጠበቀው አንድ ቃል ብቻ ነው።

ረፋዱ ላይ ጉም ከሥር ተነስቶ ገደሉን ሞላው። የፈላጊዎቹ ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ "ጋሽ ታደለ!" ይላሉ፣ ገደሉ "ታደለ" ብሎ ይመልሳል። ወዲያው ካፊያ ጀመረ። ሐጂ መኪናው ውስጥ ሆነው ተስቢሓቸውን ይቆጥራሉ። እኔ ስልኬን እያየሁ ቡድኑ ላይ ለሚጠይቁኝ እመልሳለሁ።

ቀትር ላይ መልእክቱን ደግሜ ላየው ብፈልገው የለም። ፎቶግራፉም የለም። በረከት የለጠፈውን አጥፍቶ ከቡድኑ ወጥቷል።

ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ፣ አይነሳም። በግሉ ጻፍኩለት፤ "አባትህ ተገኙ ወይ? ሰዎች ሊማሊሞ ገደል ውስጥ እየፈለጉ ነው። አንድ ቃል መልስልኝ።" መልእክቱን እንዳነበበው ምልክቱ አሳየኝ። መልስ የለም። ቀጥዬ ስደውል ስልኩ ተዘግቷል።

ሐጂ ክላክሱ ላይ እጃቸውን አድርገው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። "ተገኝተው ይሆን?" አሉኝ። "ወይስ ክፉ ሰምቶ?"

አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለት በሥራዬ የማላፍርበት ቃል ነው። ጽሑፍ መጥፋቱ ሰው መገኘቱን አያረጋግጥም። ክላክሱን ነፍተን ሰዎቹን ብንመልስና ሽማግሌው በዚያ ጉም ውስጥ ቢቀሩስ? ፖሊስ ጋ ደወልኩ፣ የሰሙት የለም። ቡድኑ ላይ "የጋሽ ታደለን እህት የሚያውቅ የዳባት ሰው ካለ ስልኳን ይላክልኝ" ብዬ ጻፍኩ። ሐጂም እጃቸውን ከክላክሱ አነሱ።

ከቀትር በኋላ አያ ደሴ ብቻቸውን ወጡ። ነጠላቸው ሰውነታቸው ላይ ተጣብቋል። ሐጂ ፎጣና ዳቦ ሰጧቸው፤ ፎጣውን ተቀበሉ፣ ዳቦውን ያዙት እንጂ አልቆረሱትም። የታችኛውን ጠመዝማዛ ሁሉ አዳርሰናል አሉ። የቀረው ድሮ ሾፌሮች ራዲያተር የሚሞሉበት ምንጭ ነው፤ ከአሮጌው መንገድ በታች፣ ቁልቁለቱ ከሚከፋበት። የጠፋው ሰው ሾፌር ነውና ልቡ ወደዚያ ሊወስደው ይችላል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ባለቤቱ ምን አለ?"

"ምንም አላለም። የለጠፈውን አጥፍቷል። ስልኩንም ዘግቷል።"

"እግዜር ይስጥልኝ አላለም?"

"አላለም።"

"እንግዲያው አልተገኘም" አሉ።

"አያ ደሴ፣ ተገኝተውም ዝም ብሎ ሊሆን ይችላል። አላወቅንም። ዝናቡ እስኪያባራ ይቆዩ።"

የማይሆን ነገር እንደተናገረ ሕፃን አዩኝ። "አባቱ የተገኘለት ሰው ዝም ይላል? ልጄ፣ ዶሮ እንኳ እንቁላል ስትጥል አገር እስኪሰማ ታስካካለች።"

ሐጂም ተው አሏቸው። አያ ደሴ ዳቦውን ለሐጂ መለሱላቸውና ዱላቸውን ይዘው ጉሙ ውስጥ ገቡ። ልብ በሉልኝ፤ የሄዱት ዝምታውን አይተው ነው። እሳቸው በሚያውቁት ዓለም ውስጥ ዝምታ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፤ ሰውየው ገና ጠፍቷል። ሌላ ትርጉም እንዲኖረው እሳቸው ሊገምቱት የማይችሉት ዓይነት ሰው መኖር ነበረበት። ነበረም።

የሰማነው መጀመሪያ የድንጋይ ናዳ ድምፅ ነው። ከዚያ ጩኸት፣ ከዚያ የጎረምሶች ጥሪ። ሐጂ ከመኪናው ወርደው አፋፉ ድረስ ሮጡ፤ በእሳቸው ዕድሜ እንደዚያ የሚሮጥ ሰው አላየሁም። ከታች "አያ ደሴ ናቸው! በሕይወት አሉ!" የሚል ድምፅ መጣ።

በእንጨትና በጋቢ ቃሬዛ ሠርተው ሲያወጧቸው ቀኑ ወደ ማዘንበል ሄዶ ነበር። ምንጩ አጠገብ ጭቃው ከድቷቸዋል። ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፏል። ፊታቸው አመድ መስሏል። ፒክአፑ ላይ ሲጫኑ ሐጂን በክንዳቸው ያዟቸው።

"ክላክሱ ተነፋ?"

"አልተነፋም" አሉ ሐጂ።

"እንግዲህ ሰውየው ብርድ ላይ ሊያድር ነው" አሉ አያ ደሴ። "ምንጩ ጋም የለም። እኔ አይቻለሁ፣ የለም።"

የተቀሩት ሰዎች እሳቸውን መኪናው ላይ ከጫኑ በኋላ ወደ ገደሉ ተመለሱ። ይህንንም አይቻለሁ።

ሆስፒታል ደጅ ላይ ቆሜ ነው መልሱ የመጣልኝ። አንዲት የዳባት ሴት ቡድኑ ላይ ያቀረብኩትን ጥያቄ አሁን ገና አይታው ጻፈችልኝ። "ጋሽ ታደለን ነው? እኚያማ ከረፋድ ጀምሮ እህታቸው ቤት ናቸው። የሚያውቃቸው ሰው ከአውቶቡሱ አውርዶ አድርሷቸው ነው። ልጃቸውም መጥቶ ምሳ አብረው በሉ" ትላለች። የእህትየውንም ስልክ ላከችልኝ።

ያለማጣራት አላምንም። ደወልኩ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚባሉ ሴት አነሱ። አዎ፣ ወንድሜ እዚሁ ነው አሉኝ፤ ማን እንደሆንኩ ቢጠይቁኝ ነገርኳቸው፤ በረከትን እንዲያቀርቡልኝ ለመንኳቸው። መጀመሪያ ግን "አንድ ጊዜ ይቆዩኝ" ብዬ ሐጂን ጠራሁና "ይሂዱ፣ ክላክሱን ይንፉላቸው" አልኳቸው። ሐጂ ፊቴን አይተው ወደ ፒክአፗ ሮጡ።

በረከት ስልኩን ተቀበለ። ያልነውን እንዳለ እጽፈዋለሁ።

"ጠዋት ያነጋገርኩህ ጋዜጠኛ ነኝ" አልኩት።

"እ... አዎ፣ አዎ። አባቴ ተገኘ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"መቼ?"

"ረፋድ ላይ። ደኅና ነው፣ ምንም አልሆነም።"

"ለምን አልነገርከንም?"

"ፖስቱን አጠፋሁት እኮ።"

"የጻፍኩልህን አላየኸውም?"

ከዚያ ምክንያቱን ነገረኝ፤ ለእሱም ፍትሕ እንዲሆን ሳልቀንስ አሰፍረዋለሁ። አባቱ ከተገኘ በኋላ ሰው ሁሉ እየደወለ አስጨነቀው። የአባቱ አእምሮ መዛሉን አገር እንዲያወራው አልፈለገም። ፎቶግራፉ በየስልኩ ሲዞር አሳፈረው። ስለዚህ አጥፍቶ፣ ወጥቶ፣ ስልኩን ዘግቶ አረፈ።

"ሰዎች ገደል ውስጥ እንዳሉ አውቀህ ነበር?" አልኩት።

"እስካሁን ይኖራሉ ብዬ አላሰብኩም። ደግሞ እኮ ምስጋናዬን ጽፌያለሁ። በቅድሚያ ብዬ።"

"አንድ ሽማግሌ እግራቸው ተሰብሯል።"

"ማን ናቸው?" ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን "እኔ ማንንም በስም ጠርቼ ሂዱ አላልኩም" አለኝ።

ስልኩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። የአያ ደሴን ጫማ የያዝኩበትን ፌስታል ይዤ ወደ ሆስፒታሉ ገባሁ።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልዙር፣ አንባቢዎቼ። ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ድረሱልኝ ብሎ መጻፉ አይቀርምና።

ብዙዎቻችሁ በመልእክታችሁ መጨረሻ "በቅድሚያ አመሰግናለሁ" ትላላችሁ። ጨዋነት ይመስላችኋል። በክፋት እንደማትጽፉት አውቃለሁ። ግን ያችን ቃል ስትጽፉ ማንን እያመሰገናችሁ ነው? ገና ያልተነሳ፣ ስሙን የማታውቁት፣ ይምጣ አይምጣ ያልታወቀ ሰውን። ሐጂ ኢድሪስ ሱቃቸውን ሲዘጉ አላያችሁም። አያ ደሴ ቀንበር ሲፈቱ አላያችሁም። ሰው ከተነሳላችሁ በኋላ የሚመሰገነው ሰው ፊትና ስም አለው፤ ያን ጊዜ ግን ዕዳችንን አስቀድመን ከፍለናል ብላችሁ ስልካችሁን ትዘጋላችሁ። ይህ ያናድደኛል። እስካሁን ያናድደኛል።

አፍሬ ነው ላለኝም የምመልሰው አለኝ። ድረሱልኝ ሲል አላፈረም። የአባቱን ፎቶግራፍ፣ ሕመማቸውን ሁሉ ጽፎ ሲለጥፍ አላፈረም። ያፈረው የማመስገኛው ሰዓት ሲደርስ ነው። ጭንቁን ለአገር አካፈለ፣ ደስታውን ግን በር ዘግቶ ምሳ በላበት። በዚህ አገር ለቀስተኛን እንኳ ባለ ሐዘኑ ቆሞ፣ እንባው ሳይደርቅ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ያሰናብታል። ደቦ የጠራ ሰው የመጡለትን መርቆ ያሰናብታል። የሞተበት ሰው የሚችለውን፣ የተገኘለት ሰው እንዴት ያቅተዋል?

ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራዬ በአንድ ነገር ተለውጧል። ሰው አጣሪልኝ፣ አሰራጪልኝ ሲለኝ የምጠይቀው የመጨረሻ ጥያቄ፣ "ሲያበቃ የሚነግረን ማን ነው?" የሚል ነው። ስሙንና ስልኩን እቀበላለሁ። የሚያመነታ ካለ አላሰራጭም። "ሰው ጠፍቶብኝ አንቺ ስለ ምስጋና ታወሪያለሽ?" ብለው የሰደቡኝ አሉ። ይሳደቡ። እኔ የማወራው ገደል ውስጥ ስላለው ሰው ነው።

አሁን መጨረሻውን ልንገራችሁ።

አያ ደሴ እግራቸው በጄሶ ታስሮ ቤታቸው ከገቡ በኋላ፣ ዳባት ሄድኩ። የሰማሁትን በዓይኔ ሳላይ መተው አልቻልኩም። በረከት ወደ ጎንደር ተመልሷል፤ አባቱን ለጥቂት ቀን እህታቸው ጋ ትቷቸዋል። ጋሽ ታደለ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዛሬ ደኅና ቀኑ ነው አሉኝ። የሆነውን ለእሳቸው የነገራቸው አልነበረም። እኔ ነገርኳቸው።

እስክጨርስ አዳመጡኝ። ከዚያ "በዚያ ዝናብ? ከምንጩ በታች?" አሉ። ምንጩን አውቀውታል።

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ማን አሰናበታቸው?"

ባለቤቱ እንዳላሰናበታቸው ነገርኳቸው። ሽማግሌው ወደ እህታቸው ዞሩ። "እኛ እንኳ" አሉ፣ "መኪና ሲቆምብን የአፋፉ ገበሬ ወጥቶ ይገፋልን ነበር። ዳገቱን ስንጨርስ ክላክስ እንነፋለን። ወጥተናል፣ ግቡ ማለት ነው። ሳይነፋ ያለፈ ሾፌር ሌላ ቀን ቢቆም፣ ዞር ብሎ የሚያየው የለም።" ከዚያ ኮታቸውን ጠየቁ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ በረከት ይቆጣል ብለው አመነቱ። ጋሽ ታደለ ግን ቆመው ነበር። ለሐጂ ደወልኩ፤ ሐጂ በፒክአፗ መጡ። ሽማግሌው ከፊት ተቀመጡ። እኔና ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከኋላ ወንበር ላይ ሆንን።

ደባርቅን ስናልፍ ጋሽ ታደለ በመስኮቱ ማየት ትተው ግራ ተጋቡ። የት እንደምንሄድ ጠፍቷቸዋል።

"ጭነታችን ምንድን ነው?" አሉ ሐጂን።

ሐጂ ከመንገዱ ዓይናቸውን ሳያነሱ፣ "ቀላል ነው፣ ጋሽ ታደለ። አንድ ቃል ነው" አሏቸው።

"የት ነው የሚራገፈው?"

"አፋፉ ላይ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እንደ ማንኛውም የጭነት ሥራ።

አያ ደሴ ውስጥ መደብ ላይ ተኝተዋል፤ በሩ ክፍት ነው። ጋሽ ታደለ ከመኪናው ወርደው ደጁ ላይ ቆሙ። የሚሉት ጠፋቸው። እህታቸው "እግዜር ይስጥልኝ በላቸው" ብለው በጆሯቸው ሹክ አሉ፤ አልሰሙም። ገደሉን ያያሉ። ጉሙ ያን ቀን አልነበረም፤ መንገዱ እየተጠመዘዘ ወደ ታች ሲወርድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከዚያ ዞረው ወደ ፒክአፗ ተመለሱ፣ በመስኮቱ ክንዳቸውን አስገብተው ክላክሱን ተጫኑት። ረጅም ነው። ገደሉ ተቀብሎ ከታች አስተጋባው። በየእርሻው ያለው ሰው ቀና አለ።

እጃቸውን ሲያነሱ ቃሉ መጣላቸው።

"ተገኝቻለሁ!" አሉ፣ በሾፌር ድምፅ። "እግዜር ይስጥልኝ! ግቡ!"

በረከት እስከዛሬ አልደወለም። ያመሰገኑት አባቱ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ማመስገናቸውን በማግሥቱ ረስተውታል።

ከጨለማው ቤት ውስጥ፣ እግራቸው ከታሰረበት መደብ፣ አያ ደሴ ገደል ማዶ ላለ ሰው እንደሚጣሩ አድርገው መለሱላቸው።

"ገብተናል!"